ሳትበሱ፣ ሳትበይዱ፦ ሚኒባስን ለማደሪያና ለብስክሌት ማዘጋጀት

ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ በብስክሌት ቁልቁል መውረድ ደስ ይላል። ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። ብስክሌት የምንወድ ሰዎች ዓይናችን ደግሞ ከዚያም ራቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። አንዱ ቆላ ድባን አልፎ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። ሌላው በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ። ጎርጎራ ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ፣ ነድቶ፣ በዚያው ቀን መመለስ ያደክማል። እዚያው ማደር ግን ሌላ ነገር ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሚኒባስ አለው፤ ድሮ ዶልፊን የምንላት ዓይነት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትሠራለች። ቅዳሜና እሁድ ግን ለእኔና ለታናሽ ወንድማችን ይለቅልናል። የሰጠን ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ሰኞ ጠዋት እንደነበረች ላግኛት»። ይህ መመሪያ ሁሉ የተሠራው በዚህ ቃል ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ ለመዝናኛ ብቻ የሚቆም መኪና ያለው ሰው እምብዛም አላውቅም። መኪናው እንጀራ ነው። ስለዚህ አልጋውም የብስክሌት ማቆሚያውም በግማሽ ሰዓት የሚወጣ መሆን አለበት።

ይህን ያወቅሁት ተበላሽቶብኝ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ በያጅ የአልጋውን እግር ከመኪናው ወለል ጋር በየደልኝ። እኔም ጠንካራ ስለሆነ ደስ አለኝ። ብየዳው ግን ከሥር ያለውን ቀለም አቃጥሎት ነበር። ክረምቱ አልፎ ምንጣፉን ሳነሳ በየእግሩ ዙሪያ ዝገት እንደ ቡና አተላ ተጋግሮ አገኘሁት። ለቦሎ ምርመራ ወንበሮቹን መመለስ ሲያስፈልግም አልጋውን በግራይንደር ማስቆረጥ ግድ ሆነ። እናንተ ይህን አትድገሙት።

ከመፍታታችሁ በፊት

ሊብሬውን አውጡና የተጻፈውን የወንበር ብዛት ተመልከቱ። ወንበር ማንሳት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው የተመዘገበው በዚያ የወንበር ቁጥር ነው። የከተማችሁን ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። በተለይ መኪናው ኮድ 3 ከሆነ ሳትጠይቁ አትንኩ። ለምርመራ ስትሄዱ ወንበሮቹ ሁሉ በቦታቸው መሆን አለባቸው። ስለዚህ ወንበሮቹን አትሽጡ። የእኛዎቹ ቅዳሜና እሁድ የእናታችን በረንዳ ላይ ናቸው፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይቀመጥባቸዋል።

ልኬት

ሜትርና ወረቀት ይዛችሁ ግማሽ ቀን ስጡት። ሦስት ነገር ለኩ፦ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ እስከ ኋላ በር፣ ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ። ወርዱን ወለሉ ላይ ብቻ ሳይሆን አልጋው የሚያርፍበት ከፍታ ላይም ለኩት፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ አይደለም። የኋላ ጎማዎቹ ላይ ያለው እብጠት ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባም መዝግቡ። የእኛ መኪና 2 ሜትር ከ60 ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ48 ወርድ፣ 1 ሜትር ከ32 ቁመት አላት። ከዚህ በታች የምጽፈው ቁጥር ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው። የእናንተ ቢለይ ቁጥሩን ቀይሩ፣ ሐሳቡን ያዙ።

አሁን ብስክሌቱን ለኩ። የተራራ ብስክሌት እንዳለ 1 ሜትር ከ70 እስከ 1 ሜትር ከ80 ይረዝማል። የፊት ጎማው ሲወጣ ወደ 1 ሜትር ከ45 ይወርዳል። ቁመቱ እስከ መሪው 1 ሜትር አካባቢ ነው።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ብስክሌቱን ከአልጋ ሥር ማስገባት ነው። እኔም ያንኑ አሰብኩ። ቁጥሩን ደምሩት እስቲ፦ 1 ሜትር ለብስክሌቱ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ለጣውላው፣ 8 ለስፖንጁ። ለእናንተ የሚቀረው 20 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጣሪያው ከፍ ባለው ሃይሩፍ እንኳ መገላበጥ ያስቸግራል። ስለዚህ አልጋው በግራ፣ ብስክሌቶቹ በቀኝ፣ ጎን ለጎን ይሁኑ። ለአልጋው 75 ሳንቲ ሜትር ስጡት፤ ለሁለቱ ብስክሌቶች 73 ይቀራል። ብስክሌቶቹ የሚገቡት በኋላ በር ነው። የፊት ጎማቸው ከወጣ ከኋላ በር ጀምረው 1 ሜትር ተኩል ብቻ ይይዛሉ። ተንሸራታቹ በር ነፃ ይሆናል፤ ሌሊት ለመውጣት ብስክሌት መዝለል የለባችሁም።

ወንበሮቹን ማውጣት

ብሎኖቹ ለዓመታት ጭቃና ውሃ ጠጥተዋል። በጉልበት ከታገላችኋቸው አንገታቸው ይበጠሳል። ከዋዜማው ማታ ከመኪናው ሥርም ከላይም ጥቂት ናፍታ ጠብ አድርጉባቸውና ተዉአቸው። ጠዋት ረጅም ቁልፍ ይዛችሁ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ነካ አድርጉት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ዝገቱ ተላቋል፤ አሁን ፍቱ። እያንዳንዱን ብሎን ከነሮንዴላው በአንድ ጣሳ ሰብስቡ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ በቂ ነው።

የወለሉ ቀዳዳዎች አሁን የእናንተ ሀብት ናቸው። ፋብሪካው ሰው የተቀመጠበት ወንበር እንዲይዙ አጠናክሯቸዋል። አልጋውን የምታስሩት በእነሱ ነው። አንድም አዲስ ቀዳዳ አትብሱ።

የአልጋው ማዕቀፍ

ባለ 30 በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ግዙ። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ክብደት ነው። ማዕቀፉን በሁለት እኩል ክፍል አሠሩት፤ እያንዳንዱ 92 ሳንቲ ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 75 ወርድ። ሲገጣጠሙ 1 ሜትር ከ85 ይሆናሉ። ለምን ሁለት? አንድ ሰው ብቻውን አንስቶ በኋላ በር እንዲያወጣው ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሁለት ብሎን በዳዶ ነው።

ብየዳው ሁሉ ከመኪናው ውጭ፣ በያጁ ሱቅ ይለቅ። ከእያንዳንዱ ክፍል እግሮች መካከል በወንበር ቀዳዳ ላይ የሚያርፉት ሁለቱ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበየድላቸውና ለወንበሩ ብሎን ይበሱ። ብሎኑን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ በግምት የተበሳ ቀዳዳ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። የቀሩት እግሮች ወለሉን እንዳይፍቁ የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪ (አየር የሚሞላው የውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ይልበሱ። ብረቱን ሁለት ጊዜ ፀረ ዝገት ቀቡት።

ከፍታው ላይ ተጠንቀቁ። የጣውላው ላይኛ ገጽ ከወለሉ 34 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 8 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ሲጨመርበት 42 ይሆናል፤ እስከ ኮርኒሱ 90 ይቀራል። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ቀጥ ብሎ ቁጭ ይላል። እኔ መጀመሪያ ዕቃ ብዙ እንዲገባ ብዬ 45 ላይ አሠርቼው ነበር። ጫማዬን ሳስር እንኳ አንገቴን እሰብር ነበር። ዝናብ ሲይዛችሁ መኪናው ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ትቀመጣላችሁ፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከዕቃ ቦታ ይበልጣል።

ርብራቡ፣ ለአንድም ለሁለትም

አራዳ አካባቢ ያሉ አንድ አናጢ ጋ ሄጄ «ጋሼ፣ አልጋው ቀን ለአንድ ሰው፣ ማታ ለሁለት እንዲሆን እፈልጋለሁ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና የሁለት እጃቸውን ጣቶች እርስ በእርስ አስገቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ሳቧቸው። «እንዲህ ነው የምትፈልገው የኔ ልጅ» አሉኝ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

7 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ጣውላዎች ቁረጡ። ግማሾቹ ከማዕቀፉ ጋር ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው 8 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። የቀሩት በዚያ ክፍተት ውስጥ ይንሸራተታሉ፤ ጫፋቸው በአንድ ረጅም ጣውላ ተያይዞ የራሱ እግር ይኖረዋል። ማታ ሲሳብ አልጋው ከ75 ወደ 1 ሜትር ከ20 ይሰፋል። ከዚህ በላይ አትሳቡት፤ ጣውላዎቹ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ተደራርበው መቅረት አለባቸው። አለዚያ መሀሉ ይሰምጣል። ጣውላው ደረቅ ይሁን። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ከዚያ አይንሸራተትም። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱና ሻማ እሹት።

ስፖንጁንም በሁለት አስቆርጡ፦ 75 እና 45 ወርድ። ጠንካራውን ዓይነት ጠይቁ፤ በእጃችሁ ስትጫኑት ጣውላው ከተሰማችሁ አይሆንም። ትንሹ ቁራጭ ቀን ቀን መደገፊያ ነው። ስፖንጁንና ጣውላውን የሚለይ ሰሌን አንጥፉ። ሰሌን አየር ያሳልፋል። ስፖንጅ ብቻውን ጣውላ ላይ ሲተኛበት ከሥሩ ይረጥባል፤ በሦስተኛው ጉዞ መሽተት ይጀምራል።

ብስክሌቶቹን ማሰር

በዚህ ላይ አትቸኩሉ። መኪናው በ60 እየሄደ ድንገት ፍሬን ብትይዙ ያልታሰረው ብስክሌት በ60 ወደ ጀርባችሁ እየመጣ ነው።

ከወለሉ ጋር የሚተኛ አንድ ወፍራም ጣውላ አዘጋጁ፤ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 1 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 70 ወርድ እንዲሆን ሁለት ሦስት ሳንቃ አጋጥሙ። እሱንም በወንበር ቀዳዳ እሰሩት። ከዚያ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ሄዳችሁ ከተጣሉ የፊት ጎማዎች ሁለት ሞዞ (ራጂዎቹ የሚሰበሰቡበት የጎማው መሀል) ለምኑ። የብረት ሞዞ ይሁን፤ አልሙኒየሙን ተራ ብየዳ አይዘውም። ሞዞውን ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስበይዱና ብረቱን በአራት ብሎን ጣውላው ላይ እሰሩ። የብስክሌቱ ሹካ ልክ የራሱን ጎማ እንደሚይዝ ይህን ሞዞ ይይዘዋል። የአብዛኛው የቆየ ብስክሌት የፊት ሹካ፣ ሞዞው የሚገባበት ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተን ለክታችሁ ሞዞውን ምረጡ።

አንዱ ብስክሌት ፊቱን ወደ ሾፌሩ፣ ሌላው ወደ ኋላ በር ያድርግ። መሪዎቹ አይጋጩም። ቦታው አሁንም ከጠበበ መሪውን የያዘውን ብሎን አላልታችሁ መሪውን ከብስክሌቱ ጋር ትይዩ አዙሩት። ፔዳል ማውጣት ካስፈለገም የግራው ጥርስ ተቃራኒ መሆኑን አትርሱ፤ የግራው ፔዳል የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሲታገል ጥርሱን ይበላዋል።

የኋላ ጎማው በሁለት ጣውላ መካከል በተሠራ 6 ሳንቲ ሜትር ቦይ ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ በቺንጋ (በዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ) እሰሩት። ቺንጋ ከሌለ ካላማዳሪ በረጅሙ ቁረጡ፤ ይለጠጣል፣ ቀለም አይፍቅም፣ ድምፅም የለውም። የዘይት ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ከሆነ ጎማው ከወጣ በኋላ ፍሬኑን አትጭመቁ። ከጨመቃችሁት ሁለቱ ሸራዎች ይገጥማሉና ጎማው አይመለስም። በመካከላቸው የታጠፈ ካርቶን ሰክኩ።

ለሁለት ሰው አልጋውን ስትስቡ ብስክሌቶቹ መውጣት ግድ ነው። እኛ ውጭ እናቆማቸዋለን፤ ወፍራም ሰንሰለት በሁለቱ ብስክሌቶች ማዕቀፍና በመኪናው መጎተቻ ቀለበት አሳልፈን እንቆልፋለን። የፊት ጎማዎቹን ግን ከአልጋ ሥር እናስቀምጣቸዋለን።

አስፋልቱ ሲያልቅና ኮረኮንቹ ሲጀምር ብሎን ሁሉ ይላላል። በየዳዶው ሥር ሞላ ሮንዴላ አስገቡ። መጀመሪያ ስትወጡ 50 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቁሙና ሁሉንም አጥብቁ።

ብርድ፣ እርጥበት፣ ጭስ

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በስሜን ተራሮች ያለው ሳንቃበር 3,250 ሜትር አካባቢ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እዚያ የሚጠብቃችሁ ሌሊት ቤታችሁ ከለመዳችሁት በ7 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ታያላችሁ። ጋቢ አይበቃም፤ ቡሉኮ ያዙ። አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከሥር። ሰው የሚረሳው የሥሩን ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ግን ከብረቱ ወለል ነው።

ለመስኮቶቹ ካርቶን ዘርግታችሁ ቅርጻቸውን አውጡ። በዚያ ልክ የሚያብረቀርቀውን የመኪና ፀሐይ መከላከያና ስስ ስፖንጅ አንድ ላይ ስፉ። ከመስኮቱ በ1 ሳንቲ ሜትር ብታተልቁት ያለ ማጣበቂያ ይሰካል። ብርሃን አይገባም፣ ሰውም ወደ ውስጥ አያይም።

ግን ሁሉንም ጥርቅም አታድርጉ። በመጀመሪያው ጉዟችን ብርድ ፈርተን ሁሉንም ዘጋን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብ አለብኝ። ባትሪ ሳበራ ኮርኒሱ በሙሉ በጥቃቅን ጠብታ ተሸፍኗል። ዝናብ አልነበረም፤ የሁለታችን ትንፋሽ ነው ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ የሆነው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ጎን ያሉትን መስኮቶች በሁለት ጣት ያህል ከፍተን ነው የምንተኛው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው። ከሰል መኪና ውስጥ አታስገቡ። ፍሙ የጠራ ቢሆን፣ «ትንሽ ብቻ» ቢሆን፣ መስኮት ቢከፈት፣ አታስገቡ። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም። ሰውን ከእንቅልፉ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በአገራችን ስንት ቤተሰብ በአንድ ሌሊት በዚህ አልቋል። ሞተር አስነስቶ ሙቀት እየለቀቁ መተኛትም ያው ነው። ቡናውም ምግቡም ውጭ ይፈላ፣ ውጭ ይሠራ። ቢዘንብ በሶ በጥብጡ።

መብራት

ብዙ አታወሳስቡት። የዩፒኤስ ባትሪ፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት፣ ለአንድ ሌሊት በቂ ነው። ስሌቱ ይኸው፦ 12 ሲባዛ በ7፣ 84 ዋት ሰዓት። ይህ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ 42 አለን ብላችሁ ቁጠሩ። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ለ3 ሰዓት 15፣ አንድ ስልክ ቻርጅ 15 ያህል። 12 ይተርፋል። ቤት ሞልታችሁ ይዛችሁት ውጡ። ከባትሪው አጠገብ፣ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ 5 አምፔር ፊውዝ አስገቡ፤ ሽቦ ቢፋቅ እሳት የሚያስቀረው እሱ ነው። ከመኪናው ባትሪ ግን አትውሰዱ። ደባርቅ ላይ በብርድ ጠዋት መኪና መግፋት ይደክማል።

ዕቃ

ከአልጋው ሥር ከባዱ ወደ ፊት፣ ቀላሉ ወደ ኋላ። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ እሳት ማጥፊያና ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ግን ከሁሉም ነገር በላይ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ጎማ ሲፈነዳ ፍራሽ እያነሳችሁ ክሪክ አትፈልጉ። መኪናው እየሄደ ማንም አልጋው ላይ አይተኛ፤ ቀበቶ የለውም።

የት ይታደራል?

ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው መስመር ከሚሠሩ ሾፌሮች ጠይቁ። ትናንት የሄደ ሰው የሚነግራችሁን ያህል ማንም አያውቅም። አዳራችሁ ጥበቃ ባለው ግቢ ይሁን። ጎርጎራም ደባርቅም ሆቴሎች አሉ፤ ገብታችሁ «ግቢ ውስጥ መኪና ውስጥ ማደር እንፈልጋለን» ብላችሁ ተነጋገሩ። እራት ከበላችሁላቸው ብዙዎቹ ይስማማሉ። ወደ ስሜን ፓርክ የምትገቡ ከሆነ ትኬቱም ጠባቂውም ደባርቅ ካለው ጽሕፈት ቤት ነው። ብስክሌት መንዳት የሚቻልበትን መንገድም እዚያው ጠይቁ።

መኪናዋ በሌላም ጊዜ ጠቅማናለች። በጥምቀት ጎንደር አልጋ አይገኝም። ከባሕር ዳር የመጡ የአክስቴ ልጆች ከተራውን ጨምሮ ሁለት ሌሊት ግቢያችን ውስጥ እሷ ውስጥ አደሩ።

እሁድ ማታ

መጀመሪያ ብስክሌቶቹ፣ ከዚያ ስፖንጁ፣ ከዚያ ርብራቡ፣ ከዚያ ሁለቱ ማዕቀፎች። ወለሉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ በየቀዳዳው ዙሪያ ዝገት ካያችሁ ያኔውኑ በአሸዋ ወረቀት ፍቃችሁ ቀለም ንኩት። ወንበሮቹን ስትመልሱ ጣሳውን አምጡ። ሁሉንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ ብቻ ሦስት አራት ዙር አስገቡ። አንዱን ቀድማችሁ በቁልፍ ካጠበቃችሁት ወንበሩ ይንጋደዳል፣ የሌሎቹ ቀዳዳ አይገጥምም። ሁሉም ከገቡ በኋላ በሰያፍ አጥብቁ። ወንድሜ ሰኞ ጠዋት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው የእያንዳንዱን ወንበር ጀርባ ይዞ መነቅነቅ ነው።